የማን ይቅርታ? አበረታች መድኃኒት የተጠቀሙ ብስክሌተኞችና የደጋፊው ድርሻ

በኦገስት 2012 አሜሪካዊው ብስክሌተኛ ፍሎይድ ላንዲስ ሳን ዲዬጎ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት በስፖርት ዓለም እምብዛም ያልተለመደ ጥፋት አመነ። (በዚህ ዳሰሳ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከስድስት ዓመት በፊት የቱር ደ ፍራንስ አሸናፊ ተብሎ፣ ቢጫውን ማሊያ ለብሶ ፓሪስ ገብቶ ነበር። ብዙ ቀን ሳይቆይ በሽንቱ ውስጥ ከውጭ የተወሰደ ቴስቶስትሮን መገኘቱ ተነገረ፤ ኋላም ድሉን ተነጠቀ። ላንዲስ ግን «ንጹሕ ነኝ» ብሎ ተሟገተ። ለጠበቃና ለባለሙያ ምስክር የሚከፈለውን ገንዘብ እንዲያዋጡለት ደጋፊዎቹን ለመነ፤ እነርሱም አምነውት ከኪሳቸው አወጡ። በ2010 ግን ዓመታት ሙሉ ሲክድ የኖረውን ሁሉ ራሱ ተናዘዘ። ዐቃቤ ሕግ እነዚያን ለጋሾች የማታለል ተግባር ሰለባ አድርጎ ቆጠራቸው፤ ላንዲስም ከ1,700 ለሚበልጡ ሰዎች ወደ 478 ሺህ ዶላር ለመመለስ ተስማማ።

ጉዳዩ በጋዜጦች ጥግ ታትሞ ያለፈ ቢሆንም፣ ስለ አበረታች መድኃኒትና ስለ ይቅርታ በሚደረገው ክርክር ውስጥ ዘወትር የሚዘለል አንድ ነገር ይዟል። አንድ ስፖርተኛ በተያዘ ቁጥር የሚነሣው ጥያቄ «ደጋፊው ይቅር ይበለው ወይስ አይበለው?» የሚል ነው። ጥያቄው ደጋፊው ተበዳይ መሆኑን፣ ይቅርታውም በእርሱ እጅ እንዳለ አስቀድሞ ይወስናል። በላንዲስ ጉዳይ በእርግጥ በደሉ ተሰፍሯል፤ የተወሰደው ገንዘብ ይታወቃል፣ የተወሰደባቸው ሰዎችም ይታወቃሉ። ገንዘብ ያላዋጣው፣ በመንገድ ዳር ቆሞ ያጨበጨበው፣ በቴሌቪዥን መስኮት የተከታተለው ሚሊዮን ግን ምን ተወሰደበት? የተወሰደበትስ እስከ የት ድረስ ይቅር የማለት ሥልጣን ይሰጠዋል? እኔ በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ደጋፊው ሊምር የሚችለው የራሱን ድርሻ ብቻ መሆኑን፣ ያም ድርሻ እርሱ ከሚገምተው እጅግ ያነሰ መሆኑን ነው። የብስክሌት ታሪክ ደግሞ ከዚህ የከበደ ነገር ይነግረናል፤ ደጋፊው የራሱ ያልሆነውን በደል በልግስና ሲምር፣ እውነቱን የተናገሩትን ደግሞ ሲቀጣ ኖሯል።

የእንግሊዙ ጳጳስና ፈላስፋ ጆሴፍ በትለር በ1726 ባሳተማቸው ስብከቶች ቂምን በጭፍን አላወገዘም። በደልን ዐይቶ መቆጣት ተፈጥሯዊና አስፈላጊ መሆኑን ተቀብሎ፣ ይቅርታ ማለት ያ ቁጣ ከልኩ አልፎ ወደ በቀል እንዳይሸጋገር መግታት ነው አለ። ከእርሱ ብዙ ዘመን በኋላ ቻርልስ ግሪስዎልድ በ2007 ስለ ይቅርታ በጻፈው መጽሐፍ የበዳዩን ግዴታዎች ዘርዝሯል። ጥፋቱ የእርሱ መሆኑን ማመን፣ ሥራውን ማውገዝ፣ ለተበዳዩ ጸጸቱን መግለጽ፣ የተበዳዩን ጉዳት ከተበዳዩ ዐይን ማየት፣ እንዴት እዚያ እንደ ደረሰ ማስረዳት። በዚህ አስተሳሰብ ይቅርታ በሁለት ሰዎች መካከል የሚሆን ነገር ነው፤ ሦስተኛው ወገን ሊያዝን፣ ሊቆጣ፣ ሊያስታርቅ ይችላል፣ በተበዳዩ ስም ማሩኝ ባዩን መማር ግን አይችልም። ይህ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በሽምግልና ዛፍ ጥላ ሥር የመጀመሪያው ጥያቄ ተበዳዩ መጥቷል ወይ የሚል ነው፤ ተበዳዩ በሌለበት፣ ጥፋቱ በስሙ ባልተጠራበት፣ ካሳው ባልተነገረበት የተፈጸመ እርቅን ሽማግሌዎቹ ራሳቸው እርቅ አይሉትም። የብስክሌት ደጋፊ ግን ይህን ሁሉ ዘልሎ በአንድ የተራራ ላይ ጭብጨባ ጉዳዩን ሲዘጋ እናያለን።

የመድኃኒቱ ታሪክ ከውድድሩ ታሪክ የሚለይ አይደለም። በ1924 ወንድማማቾቹ አንሪና ፍራንሲስ ፔሊሲዬ ቱሩን አቋርጠው ኩታንስ በተባለች ከተማ ቡና ቤት ተቀምጠው ሳለ ለጋዜጠኛው አልቤር ሎንድር ቦርሳቸውን ከፍተው አሳዩት፤ ለዐይን ኮኬይን፣ ለድድ ክሎሮፎርም፣ ከዚያም እንክብሎች። የጋዜጣው አንባቢ ይህን አንብቦ በማግስቱ መንገድ ዳር ወጣ። በጁላይ 13 ቀን 1967 እንግሊዛዊው ቶም ሲምፕሰን በሞን ቫንቱ ተራራ ላይ በ29 ዓመቱ ወድቆ ሞተ፤ በሰውነቱ ውስጥ አምፌታሚንና አልኮል ተገኘ። ዛሬ በወደቀበት አቅራቢያ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሞለታል፤ ተራራውን የሚወጡ ብስክሌተኞች እዚያ ቆም እያሉ የውኃ ኮዳና ኮፍያ ትተውለት ያልፋሉ። ኤዲ መርክስ በ1969 በጣልያኑ ጂሮ መሪ ሆኖ ሳለ ሳቮና ላይ በምርመራ ተይዞ ከውድድሩ ተባረረ፤ እርሱ ጥፋቱን አልተቀበለም፤ በዚያው ዓመት ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ፣ ስሙም እስከ ዛሬ የስፖርቱ ንጉሥ ሆኖ ይጠራል። እነዚህን ይዘን «ደጋፊው ተታለለ» ማለት ይከብዳል። ደጋፊው ከሎንድር ዘመን ጀምሮ ያውቅ ነበር፣ ቢያንስ ማወቅ ለሚፈልግ የተሰወረ ነገር አልነበረም።

የ1990ዎቹ ነገር ግን በዓይነቱ የተለየ ነው። ኢፒኦ የተባለው ሆርሞን በኩላሊት ሕመም ምክንያት ደማቸው ያነሰባቸውን ሰዎች ለመርዳት የተሠራ መድኃኒት ነው፤ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል፣ ደሙ የሚሸከመውን ኦክስጅን ይጨምራል። አምፌታሚን ድካምን ያስረሳ ነበር፤ ኢፒኦ ግን የሰውየውን ሞተር ይለውጠዋል። መካከለኛው ተወዳዳሪ ከፊት ይሰለፋል፤ ያልወሰደው ግን በተሰጥኦው ልክ መወዳደር ይሳነዋል። በሽንት የሚለይበት ምርመራ እስከ 2000 ድረስ ስላልነበረ፣ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ከ1997 ጀምሮ የቀይ ሕዋሳት መጠን ከ50 በመቶ ያለፈበትን ተወዳዳሪ ለጤናው ሲባል ከውድድር የሚያግድ ደንብ አወጣ። ደንቡ ለብዙዎች የማይታለፍ ወሰን መሆኑ ቀርቶ የሚደረስበት ግብ ሆነ። በጁላይ 1998 የፌስቲና ቡድን ወጌሻ ቪሊ ቩት በፈረንሳይና በቤልጅግ ድንበር ላይ መድኃኒት በተሞላ መኪና ተያዘ፤ ነገሩ የግለሰቦች ብልግና መሆኑ ቀርቶ ቡድን የሚያስተዳድረው፣ ሐኪም የሚቆጣጠረው፣ በጀት የተያዘለት አሠራር መሆኑ ታወቀ። ዓለም አቀፉ ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ዋዳ በማግስቱ ዓመት የተቋቋመውም ከዚህ ቅሌት የተነሣ ነው።

እንግዲህ ደጋፊው ማንን ማረ? የፌስቲናው ኮከብ ሪሻር ቪራንክ ሁለት ዓመት ሙሉ ካደ፤ በኦክቶበር 2000 ሊል ከተማ በዋለው ችሎት አመነ፤ ቅጣቱን ጨርሶ ተመለሰ። በ2002 ሞን ቫንቱ ላይ አሸነፈ። በ2004 በፈረንሳይ ብሔራዊ በዓል፣ በጁላይ 14፣ ሳን ፍሉር ላይ ብቻውን ገባ፤ በዚያው ዓመት የተራራ ንጉሥነትን ማሊያ ለሰባተኛ ጊዜ ወሰደ። የፈረንሳይ መንገዶች ስሙን በቀለም ጽፈው ተቀበሉት። ማርኮ ፓንታኒ በ1998 ጂሮንና ቱርን በአንድ ዓመት አሸነፈ፤ በጁን 1999 ማዶና ዲ ካምፒልዮ ላይ የቀይ የደም ሕዋሳቱ መጠን 52 በመቶ ሆኖ ተገኝቶ ሊያሸንፍ ከተቃረበው ጂሮ ተባረረ፤ በፌብሩዋሪ 14 ቀን 2004 ሪሚኒ ውስጥ ባለ ሆቴል በኮኬይን ብዛት ሞቶ ተገኘ። 34 ዓመቱ ነበር። በ2013 የፈረንሳይ ሴኔት ያወጣው ሪፖርት ከ1998ቱ ቱር የተቀመጠው ናሙናው ኢፒኦ እንደ ነበረበት አሳየ። ቼዜናቲኮ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማው ግን ሙዚየም ቆሞለታል፤ ጣልያን ፓንታኒን የምታስታውሰው እንደ ተገፋ ልጇ ነው። ስፔናዊው አሌሃንድሮ ቫልቬርዴ በማድሪድ ሐኪም ዘንድ የተገኘ የደም ከረጢት በዘረ መል ምርመራ የእርሱ መሆኑ ታውቆ ሁለት ዓመት ታገደ፤ ጥፋቱን በግልጽ አምኖ አያውቅም። በ2018 ኢንስብሩክ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ስፔን በደስታ አለቀሰች፤ በ2022 ሲሰናበት የነበረው ክብር የአንድ ተወዳጅ አባወራ ስንብት ይመስል ነበር።

በእነዚህ ምሕረቶች ውስጥ የጋራ መለኪያ ብንፈልግ ግሪስዎልድ ከዘረዘራቸው አንዱም በወጉ አይገኝም። ቪራንክ ያመነው ዳኛ ፊት ሲቆም ነው፤ ፓንታኒ ሳያምን ሞተ፤ ቫልቬርዴ ዝም አለ። የተማሩት የአገራቸው ልጆች በመሆናቸው፣ በአጋላለባቸው ውበት፣ ፊታቸው ላይ በሚነበበው ስቃይ ነው። ፓንታኒ ተራራ ላይ ከመቀመጫው ተነሥቶ እጁን በታችኛው መሪ ላይ አድርጎ ሲፈተለክ ያየ ሰው ልቡ እንዴት እንደሚመታ እኔም አውቃለሁ፤ ያንን ስሜት ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ውበትን ማድነቅና በደልን መማር የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የሁለቱ መደባለቅ በአበረታች መድኃኒት ክርክር ውስጥ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ውብ ሆኖ የማይታየውን ሰው፣ ዕድል አጥቶ የቀረውን ንጹሕ ተወዳዳሪ፣ ከክርክሩ ጨርሶ ያስወጣዋል።

ወደ ላንስ አርምስትሮንግ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። አርምስትሮንግ ከ1999 እስከ 2005 በተከታታይ ሰባት ጊዜ ቱሩን አሸነፈ፤ በ1996 ከያዘው የካንሰር ሕመም ድኖ ነበርና በሽተኞች በፎቶግራፉ ሥር ተኝተው የኬሞቴራፒ መድኃኒታቸውን ወሰዱ። በ2004 ለካንሰር በሽተኞች መርጃ የወጣው ቢጫ የጎማ አምባር በአንድ ዶላር እየተሸጠ ከ80 ሚሊዮን በላይ እጆች ላይ ታሰረ። በኦክቶበር 2012 የአሜሪካ ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ የ26 ሰዎችን ምስክርነት ይዞ ወጣ፤ ከእነርሱ 15ቱ ብስክሌተኞች፣ 11ዱም የቡድን ጓደኞቹ የነበሩ ናቸው። ሰባቱም ድሎች ተሰረዙ፤ በጃንዋሪ 2013 በኦፕራ ዊንፍሬይ ፊት ቀርቦ አመነ። ደጋፊው ግን ለቪራንክ የሰጠውን ለእርሱ ነፈገ። ለምን? መድኃኒቱ አንድ ዓይነት ነው። ውሸቱም አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አርምስትሮንግ የካንሰር በሽተኞችን ተስፋ አጭበርብሯል የሚል ነው። ይህ መልስ ከፊል እውነት ብቻ ነው የያዘው። አምባሩ ያስገኘው ገንዘብ በሽተኞችን በእውነት ረድቷል፤ ከካንሰር መዳኑም ውሸት አልነበረም። ሰውየው የተወነጀለበት ድል በሕክምና ያገኘውን ሕይወት አይሽረውም። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ አርምስትሮንግ መርፌውንና ውሸቱን በሌሎች ሰዎች ላይ በሚወርድ ዱላ አስጠበቀ። እዚህ ላይ ጥፋቱን ገነጣጥሎ ማየት ያስፈልጋል። መርፌው አንድ ነገር ነው፤ ክህደቱ ሌላ ነው፤ እውነት የተናገረን ሰው ማሳደድ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ነገር ነው። የይቅርታ ክርክሩ ሦስቱን «ዶፒንግ» በሚል አንድ ስም ጠቅልሎ ስለሚያቀርባቸው አንዱን ስንምር ሁሉንም የማርን ይመስለናል።

ክሪስቶፍ ባሶን የፌስቲና ብስክሌተኛ ነበር። በ1998 ፖሊስ ቡድኑን ሲመረምር የገዛ ጓደኞቹ መድኃኒቱን የማይነካ ሰው መሆኑን መሰከሩለት። በ1999 ሌላ ቡድን ገብቶ ቱሩን እየተወዳደረ ለአንድ የፓሪስ ጋዜጣ ዐምድ ይጽፍ ነበር፤ ከቅሌቱ ማግሥት ፍጥነቱ አለመቀነሱን፣ መጨመሩን እንደሚጠራጠር ጻፈ። ወደ አልፕ ደዌዝ በሚያመራው ዕለት አርምስትሮንግ አጠገቡ መጥቶ ይህን የሚያስብ ከሆነ ወደ ቤቱ ቢሄድ እንደሚሻል ነገረው። የተወዳዳሪዎቹ ጭፍራ በሙሉ ጀርባውን ሰጠው፤ የራሱ ቡድንም አልቆመለትም። ከጥቂት ቀን በኋላ ውድድሩን ጥሎ ወጣ፤ በሁለት ዓመት ውስጥም ሙያውን ተወ። ጣልያናዊው ፊሊፖ ሲሜዮኒ አርምስትሮንግን በሚያማክረው በሐኪም ሚኬሌ ፌራሪ ላይ በፍርድ ቤት መሰከረ። በጁላይ 2004 በአሥራ ስምንተኛው ዕለት፣ ለአጠቃላይ ውጤቱ ምንም ትርጉም በሌለው ማምለጫ ውስጥ ሲሜዮኒ ሊገባ ሲል፣ ቢጫ ማሊያ የለበሰው አርምስትሮንግ ራሱ ተከትሎ ያዘው፤ ከያዘውም በኋላ በካሜራው ፊት ከንፈሩን በጣቱ ዘጋ። በቴሌቪዥን በቀጥታ የተላለፈ ነገር ነበር። ይህን ያየው ደጋፊ ያን ዕለት ጥርጣሬ አልገባኝም ብሎ ሊከራከር አይችልም።

በአርምስትሮንግ ቡድን በዩኤስ ፖስታል ውስጥ ወጌሻ የነበረችው አየርላንዳዊቷ ኤማ ኦራይሊ በ1999 በአርምስትሮንግ ላይ ለኮርቲዞን የተገኘው ውጤት ወደ ኋላ ቀን በተጻፈ የሐኪም ወረቀት እንዴት እንደ ተሸፈነ ለጋዜጠኛው ዴቪድ ዋልሽ ተናገረች። ክስ መጣባት፤ ስሟ በቃለ መሐላ በተሰጠ ቃል ሳይቀር በጸያፍ ተነሣ። ዋልሽ የሚጽፍበት የለንደኑ ሰንደይ ታይምስ ተከስሶ በ2006 ሦስት መቶ ሺህ ፓውንድ ከፍሎ ታረቀ። ሦስት ጊዜ ቱሩን ያሸነፈው ግሬግ ለሞንድ በ2001 ስለ አርምስትሮንግና ስለ ሐኪሙ ሥጋቱን ሲናገር፣ ቃሉን እንዲመልስ ተገደደ፤ በስሙ የሚሠራው የብስክሌት ምልክትም ኋላ ተቋረጠ። የአርምስትሮንግ የቡድን ጓደኛ ሚስት የሆነችው ቤትሲ አንድሩ በ1996 ኢንዲያናፖሊስ ሆስፒታል ውስጥ አርምስትሮንግ ለሐኪሞቹ የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ሲዘረዝር መስማቷን በ2005 በመሐላ ተናገረች፤ ለዓመታት ያገኘችው መልስ «እብድ ናት» የሚል ነበር።

እነዚህን ሰዎች ማን ነው የቀጣቸው? አርምስትሮንግና ጠበቆቹ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ጋዜጣውን ያነበበውና ባሶንን ምቀኛ ያለው፣ ለዋልሽ የቁጣ ደብዳቤ የጻፈው፣ ለሞንድን በገዛ አገሩ ቅናተኛ አድርጎ የሣለው፣ አምባሩን አስሮ ጥያቄ ያነሣውን ሁሉ በካንሰር በሽተኞች ላይ የተነሣ ጠላት ያስመሰለው ደጋፊው ነው። የአንድ ሰው ማስፈራሪያ የሚሠራው ከጀርባው ሚሊዮኖች ሲቆሙ ነው። አርምስትሮንግ ከንፈሩን ሲዘጋ ምልክቱ ለሲሜዮኒ ብቻ አልነበረም፤ ጭፍራው ያንን ምልክት የታዘዘው መንገድ ዳር የሚጮኸው ሕዝብ ከማን ጋር እንደ ሆነ ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ደጋፊው ከዳኝነቱ ወንበር ከመቀመጡ በፊት ራሱ የሚጠየቅበት ነገር አለው። ይቅር ልበል ወይስ አልበል ብሎ ሲያሰላስል፣ ይቅርታ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ሰዎች በሩቁ ቆመዋል።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው «ሁሉም ይወስድ ነበር» የሚለው ነው። ተቃውሞው ባዶ አይደለም። የአሜሪካው ኤጀንሲ እንዳሰላው ከ1999 እስከ 2005 በቱሩ መድረክ ላይ ከነበሩት 21 ቦታዎች 20ዎቹ በእምነት ቃል፣ በቅጣት፣ በምርመራ ወይም የደም ወሰኑን በማለፍ ከአበረታች መድኃኒት ጋር የተያያዙ ናቸው። የአርምስትሮንግ ሰባት ዓመታት ዛሬም በአሸናፊዎች ዝርዝር ላይ ባዶ የተቀመጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሽልማቱን ወርዶ የሚቀበል አልተገኘም። በ1996 ያሸነፈው ዴንማርካዊው ቢያርነ ሪስም በ2007 ኢፒኦ መውሰዱን ካመነ በኋላ ስሙ ከመዝገቡ ወጥቶ፣ በማግስቱ ዓመት ከማብራሪያ ጋር ተመለሰ። ይሁንና «ሁሉም» የሚለው ቃል የሚቆጥረው መድረክ ላይ የወጡትን ነው። ባሶን መድረክ ላይ አልወጣም፤ ሊወጣም አይችልም ነበር። እምቢ ብለው በሃያ ሁለትና በሃያ ሦስት ዓመታቸው ወደ ቤታቸው የተመለሱ ወጣቶች በማንኛውም ቁጥር ውስጥ የሉም። «ሁሉም» የሚለው ሰበብ እነርሱን ሁለተኛ ጊዜ ይሰርዛቸዋል።

ይህ ተቃውሞ በአንድ ነገር ላይ ግን ይረዳኛል። አንድ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ከገጠር መንደር ወጥቶ፣ ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር ቀርቶት፣ የቡድኑ ሐኪም መርፌውን ይዞ ሲቆምበት ያደረገውን ውሳኔ ከሶፋ ላይ ሆኖ መኮነን አልችልም። ለመርፌው፣ ደጋፊው በገዛ ድርሻው ይቅር ሊል ይችላል፤ እኔ በበኩሌ ይገባልም እላለሁ። ብሪታንያዊው ዴቪድ ሚላር በጁን 2004 ቢያሪትስ ውስጥ በፖሊስ ተይዞ ኢፒኦ መውሰዱን አመነ፤ ሁለት ዓመት ታገደ፤ ተመልሶ ገንዘብ ሳይጠይቅ፣ ተገፋሁ ሳይል፣ እንዴት እዚያ እንደ ደረሰ በ2011 ባሳተመው መጽሐፍ ዘረዘረ፤ በዋዳ የስፖርተኞች ኮሚቴ ውስጥም አገለገለ። የሚላር ጉዳይ የሚያስተምረው ይቅርታ ከቅጣት ጋር ሳይጣላ ሊኖር እንደሚችል ነው። ሚላርን የማረው ደጋፊ ከማንም ላይ አልነጠቀም፤ ሚላር ውሸቱን ለመጠበቅ ብሎ ያሳደደው ሰው አልነበረምና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስፖርት ትርኢት ነው፣ ተመልካች ለማንም ባለዕዳ አይደለም የሚል ነው። ቲያትር ለማየት ትኬት የቆረጠ ሰው ለተዋናዮቹ የሥነ ምግባር ግዴታ የለበትም ይባላል። ብስክሌት ግን ከአብዛኞቹ ስፖርቶች የሚለየው ተመልካቹ ከውድድሩ ውስጥ በመቆሙ ነው። ወንበር የለም፣ አጥር እምብዛም የለም፤ ሰዉ ከተወዳዳሪው ክንድ ርቆ አይቆምም፤ ይገፋዋል፣ ውኃ ያፈስበታል፣ ስሙን አስፋልቱ ላይ ይጽፋል። ይህ ቅርበት ፍቅርን ብቻ አያመጣም። በ2015 ክሪስ ፍሩም ቢጫ ማሊያ ለብሶ ሲጋልብ አንድ ተመልካች በኩባያ ሽንት ደፋበት፤ በዚያን ጊዜ ፍሩም በአንድም ክስ ያልተጠየቀ ሰው ነበር። ለቪራንክ የተሰጠው የነጻ ምሕረትና በፍሩም ላይ የፈሰሰው ሽንት ከአንድ ምንጭ የወጡ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ማንን ምን እንደ ማረ ሳይለይ የማረ ሕዝብ ቂሙን አላስወገደም፤ አድራሻ አሳጥቶ አስቀመጠው፣ ቂሙም ባገኘው ላይ ወረደ።

ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ ነገር አይደለም። የመቐለው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን ሲጋልብ የገባው ሌሎች ባወረሱት ጥርጣሬ ወደ ተሞላ መንገድ ነው። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ማኅበር ኢትዮጵያን ከኬንያ፣ ከሞሮኮ፣ ከዩክሬንና ከቤላሩስ ጋር በፀረ አበረታች ቁጥጥር ረገድ በአስቸኳይ መታረም አለባቸው ከተባሉት አምስት አገሮች አንዷ አድርጎ ጠራት። የዚያ ዓመት ንጹሕ ሯጭ በገዛ አገሩ ደጋፊ ዘንድ እንኳ «እሱስ?» የሚል ጥያቄ ተሸክሞ ነው መነሻው መስመር ላይ የቆመው። ሯጮቻችን ሲጠረጠሩ «የነጭ ሴራ ነው» ብሎ የሚቆመው ደጋፊና አርምስትሮንግን ለመከላከል «የፈረንሳዮች ቅናት ነው» ይል የነበረው ደጋፊ የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው። ሁለቱም የሚጎዱት ከአገራቸው ልጆች መካከል በንጽሕና የሚሮጠውን፣ የሚጋልበውን ነው።

በመጨረሻ ይቅር የማለት ሥልጣኑ ያላቸው ሰዎች ምን አደረጉ? አርምስትሮንግ በ2013 መገባደጃ ላይ ሲሜዮኒን ሮም፣ ባሶንን ፓሪስ፣ ኦራይሊን ደግሞ ፍሎሪዳ ላይ በግል አግኝቶ ይቅርታ ጠየቃቸው። ኦራይሊ ማረችው። በ2014 ባሳተመችው መጽሐፍ ላይ መግቢያውን እንዲጽፍ እስከ መጋበዝ ደረሰች። ብዙ ደጋፊ ይህን ሰምቶ «እርሷ ከማረች እኛ ማን ነን?» አለ፤ አባባሉ ትሕትና ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን የእርሷን ይቅርታ ወስዶ ለራሱ ማዋል ነው። ቤትሲ አንድሩ በበኩሏ ኦፕራ ስለ ሆስፒታሉ ክፍል ስትጠይቀው አርምስትሮንግ መልስ ለመስጠት እምቢ ማለቱን ካየች በኋላ በቴሌቪዥን ቀርባ ቁጣዋን ተናገረች። ለእርሷ ጥፋቱ ገና በስሙ አልተጠራም ነበር፤ ስለዚህም ልትምረው የምትችለው ነገር አልቀረበላትም። ሴትዮዋ ቂመኛ ተባለች፣ «አሁንስ ይብቃሽ» ተባለች። ይህን የሚሏት ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በፊት እብድ ይሏት የነበሩት ናቸው። ኦራይሊ የመማር መብት እንዳላት ሁሉ አንድሩም ያለመማር መብት አላት፤ የሁለቱ መልስ ሊለያይ ይችላል፣ ደጋፊውም አንዱን መልስ ይዞ ሌላውን ዝም የማሰኘት መብት ከየትም አላገኘም።